የምክር ቤት ተወካያችን የመንገዳችንን በጀት እንዲጠይቅልን ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ብርሃኑ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ነገሩ ስለ መንገድ ነው። ከወረዳ ከተማችን ተነስቶ ዋናው አስፋልት ድረስ የሚወስደው መንገድ ሥራው ከተጀመረ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሲሶው ጠጠር ለብሷል። ከዚያ ወዲያ ማሽኖቹ ሄዱ። ለውኃ ማፋሰሻ የመጡት የሲሚንቶ ቱቦዎች ከመንገዱ ዳር እንደተደረደሩ ሣር ውጧቸዋል። ቀትር ላይ ፍየሎች ይጠለሉባቸዋል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና ወላድ የምትሻገረው በቃሬዛ ነው። ባለፈው ነሐሴ የጎረቤቴን ልጅ አራት ሆነን ስናሻግር ውኃው ደረታችን ደርሶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተርፈዋል።

ሥራውን የያዘው አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ አስገባን። ገቢ ተደርጎ ማኅተም ተመታበት፣ መልስ ግን የለም። አሁን ሽማግሌዎቻችን "ተወካያችን ሕግ ያውጣልን" ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ "ሚኒስትሩን ይጠይቅልን" ነው የሚሉት። የትኛው ያዋጣል? ተወካዩስ ይህን የማድረግ ሥልጣን አለው? የመንገድ ኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሕሊና (የሕግ ባለሙያ)

ወንድም ብርሃኑ፣ ለእናንተ ጉዳይ የሚያዋጣው ጥያቄው ነው። ምክንያቱን ላስረዳህ፣ ለሽማግሌዎቹም እንድትነግራቸው።

ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሕግ ረቂቅ ማቅረብ ግን የመንግሥት ብቻ አይደለም። አንድ አባል ወይም የምክር ቤቱ ኮሚቴም ሕግ ማመንጨት ይችላል። በተግባር አብዛኛው ረቂቅ የሚመጣው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ዜና ላይ "ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲመራ ወስኗል" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ እሱ ነው። ረቂቁ በመጀመሪያ ንባብ ይቀርብና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው አስረጂዎችን ይጠራል፣ የሕዝብ ውይይት ያደርጋል፣ አንቀጾችን ያስተካክላል። ከዚያ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ምክር ቤቱ ይወያያል፣ ድምፅ ይሰጣል። ከጸደቀ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርሙበታል። ባይፈርሙም ሕግ ሆኖ ይጸናል።

ገንዘብ የሚነካ ረቂቅ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። በጀትና ታክስ የሚመለከት ረቂቅ የሚያቀርበው መንግሥት ነው። ሐምሌ 2017 የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል አስታውሱ። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ያንን ረቂቅ ያመጣው መንግሥት ነው። አባላቱ ጠየቁ፣ አስተያየት ሰጡ፣ ድምፅ ሰጡ። ስለዚህ ተወካያችሁ "ለዚህ መንገድ ይህን ያህል ብር ይመደብ" የሚል አዋጅ ብቻውን ይዞ አይቀርብም። ደግሞም ሕግ በአብዛኛው የሚወጣው ለሁሉም ነው።

ወደ ጥያቄው ልምጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ አሠራራቸውንም እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ ሲሶው ከጠየቀ በአስፈጻሚው ሥልጣን ሥር ያለ ማንኛውም ጉዳይ ለውይይት እንደሚቀርብ ይላል። ተወካያችሁን "እባክህ ውለታ ዋልልን" ብላችሁ አትለምኑት። ሥራው ነውና ሥራህን ሥራልን በሉት።

ሰለሞን

አንድ ነገር ቀድማችሁ አጣሩ። መንገዱ በእርግጥ የፌዴራል ነው ወይስ የክልል? ሰሌዳው ላይ "አሠሪ" የሚለውን አንብቡ። የክልል ከሆነ አራት ኪሎ ብትሄዱ "የኛ አይደለም" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ያኔ የምትይዙት የክልል ምክር ቤት ተወካያችሁን ነው። እኛ በዚህ ስህተት አንድ ዓመት አቃጥለናል።

ብርሃኑ

ጋሽ ሰለሞን አመሰግናለሁ። ሰሌዳው ቀለሙ ለቋል። ግን በውኃ አጥበን አነበብነው፤ አሠሪው ፌዴራል ነው። "የሚጠናቀቅበት ጊዜ" የሚለው ቦታ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው የማይነበበው።

አንዳርጌ

ተስፋ ላስቆርጣችሁ ብዬ አይደለም። ግን በ2013ቱ ምርጫ ውጤቱ መጀመሪያ ሲገለጽ ከ436 መቀመጫ 410ሩን የያዘው አንድ ፓርቲ ነው። የፓርቲውን ሚኒስትር የፓርቲው አባል አጥብቆ ይጠይቀዋል? እኔ በቴሌቪዥን የማየው "ጥረታችሁ የሚደነቅ ነው፣ ሆኖም ግን…" የሚል ጥያቄ ነው። ይህን ሳይ ያመኛል፣ ምክንያቱም እኛም ግብር እንከፍላለን።

ጥሩነሽ (በቋሚ ኮሚቴዎች በባለሙያነት ያገለገለች፣ ጡረተኛ)

ልጄ አንዳርጌ፣ ያልከው እውነት አለው። የፓርቲ ዲሲፕሊን ከባድ ነው። ሆኖም ብዙ ዓመት ከኮሚቴ ክፍል ጥግ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ ስይዝ ያየሁትን ልንገርህ። ድምፅ ሲሰጥ ሁሉም አንድ ላይ እጁን ያነሳል። ስለ ራሱ አካባቢ መንገድ ሲሆን ግን የገዢው ፓርቲ አባልም ይቆጣል። አገሩ ሲገባ የሚጠብቁት እናንተ ናችኋ! በዚያ ላይ አባሉ በምክር ቤት ውስጥ በሰጠው አስተያየትና ድምፅ እንደማይከሰስ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ጽፎለታል።

ብርሃኑ፣ ይህን በደንብ ስማኝ። ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው። አንድ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት የዘጠኝ ወር ሪፖርት ሲቀርብ አንዱ አባል "የመንገድ ፕሮጀክቶች ለምን ይጓተታሉ?" ብሎ ጠየቀ። ኃላፊው ሩብ ሰዓት ተናገረ። ዝናብ አለ፣ የወሰን ማስከበር አለ፣ የግንባታ ዕቃ ዋጋ አለ፣ የውጭ ምንዛሪ አለ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ስለየትኛው መንገድ እንደተናገረ ማንም አላወቀም። ቀጥሎ አንዲት አባል ተነሳች። በእጇ አንድ ቅጠል ወረቀት ብቻ ነበር። የፕሮጀክቱን ስም ጠራች። "ለዚህ ፕሮጀክት የዘንድሮ በጀት ተይዟል። እስከ መጋቢት መጨረሻ ስንት ብር ተከፈለ? ሥራው በመቶኛ ስንት ደረሰ? ተቋራጩ የወሰደው ቅድመ ክፍያ ስንቱ ተመለሰ?" ብላ ተቀመጠች። ኃላፊው ወደ ፋይናንስ ኃላፊው ዞረ፤ እሱም ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ "በጽሑፍ እናቀርባለን" አለ። ሰብሳቢዋም ቀኑን አስቆረጠችው፣ እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት። መልሱ መጣ። ያች ሴትዮ ያንን ወረቀት ያገኘችው ከመራጮቿ ነበር።

ስለዚህ ሥራው የእናንተ ነው። ወረቀቱን እናንተ አዘጋጁለት። አንድ ተወካይ ስንት ቀበሌ እንዳለበት አስቡ፤ የእያንዳንዱን መንገድ ዝርዝር በራሱ አያውቅም። ወቅቱንም አትዘንጉ። የምክር ቤቱ ዓመት መስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈትና ሰኔ 30 ይዘጋል። መሃል ላይ የአንድ ወር እረፍት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የካቲት ላይ ይውላል። ያኔ ተወካዮች ወደ ምርጫ ክልላቸው ይወርዳሉ። ያዙት!

ተካልኝ (ሂሳብ ባለሙያ)

እትዬ ጥሩነሽ እጅዎ ይባረክ። እኔ ቁጥሩ ከየት እንደሚገኝ ልጨምር።

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ረቂቁን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ይልካል፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ መግለጫ ያቀርባሉ፣ የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይመረምረዋል፣ ሐምሌ ሳይገባ ይጸድቃል። የ2017ቱ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ ወደ 451 ቢሊዮን የሚሆነው ለመደበኛ ወጪ (እንደ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ)፣ 283 ቢሊዮን ገደማ ለካፒታል ወጪ (እንደ ግንባታ) ነው፤ የቀረው ለክልሎች ድጋፍና ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ሄዷል። የእናንተ መንገድ ያለው ካፒታል ውስጥ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ኅዳር 2017 ላይ ደግሞ ወደ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸድቋል። ስለዚህ በሰኔ ብቻ አትወሰኑ።

የጸደቀው የበጀት አዋጅ ሰነድ በመሥሪያ ቤትና በፕሮጀክት ተዘርዝሮ ይወጣል። ገንዘቡ ከመንግሥት ግምጃ ቤት፣ ከእርዳታ ወይም ከብድር መሆኑንም ያሳያል። የሁለት ሦስት ዓመቱን አውጥታችሁ የመንገዳችሁን ስም ፈልጉ። ስሙ ከሌለ ጥያቄው "ለምን ወጣ?" ይሆናል። ስሙ ካለ ደግሞ ሁለት ነገር አስተያዩ፤ የወጣው ገንዘብና መሬት ላይ ያለው ሥራ። ገንዘቡ ከግማሽ በላይ ተከፍሎ መንገዱ ሲሶ ላይ ከቆመ፣ ትልቁ ጥያቄያችሁ እሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ የክፍያውን መረጃ ከከለከላችሁ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ። በ30 ቀን ውስጥ ሊመልስላችሁ ይገባል። ካልመለሰ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በሉ።

ከዚያ ኦዲት አለ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለምክር ቤቱ ነው። ሪፖርቱ ላይ "ያልተወራረደ ሂሳብ" ሲል ወጪ ተደርጎ ማስረጃው ያልቀረበበት ማለት ነው። "ውዝፍ ተሰብሳቢ" ሲል መሰብሰብ ሲገባው ዓመታት የተንከባለለ ገንዘብ ነው። የክዋኔ ኦዲት የሚባለው ደግሞ ደረሰኝ ብቻ አያይም፤ ሥራው በጊዜው፣ በአግባቡ ተሠራ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህን የሚከታተል የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አለ። ኃላፊዎችን ጠርቶ በይፋዊ ስብሰባ ያናግራል። መንገዳችሁን የያዘው መሥሪያ ቤት ግኝት ካለበት፣ ተወካያችሁ ጥያቄውን ግኝቱ ላይ ያሳርፈው። ከኦዲት የተነሳን ጥያቄ ማድበስበስ ከባድ ነው።

አልማዝ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከሩቅ ሆኜ ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ። እዚህ አሜሪካ አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሕግ ረቂቁን ምክር ቤቱ ውስጥ ባለች የእንጨት ሣጥን ከቶ ብቻውን ማቅረብ ይችላል። አብዛኛው ረቂቅ ግን ኮሚቴ ላይ ይቀራል። እኔን የጠቀመኝ የተወካዬ የአካባቢ ቢሮ ነው። የእህቴ የቪዛ ጉዳይ ሲቆም ለቢሮው ሠራተኛ ፋይል ቁጥሩን፣ ቀኑንና የደረሰኝን መልስ በአንድ ገጽ ሰጠሁ። እነሱ ለመሥሪያ ቤቱ ጻፉ፣ መልስም መጣ። አገሩ ቢለያይም እትዬ ጥሩነሽ ያሉት አንድ ቅጠል ወረቀት እዚህም ይሠራል።

ብርሃኑ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሰነዱን አንድ የከተማችን መምህር በስልኩ አወረደልን። ሌሊቱን ሦስታችን ተቀምጠን ገጽ በገጽ ፈለግን። የመንገዳችን ስም ሦስት ዓመት በተከታታይ አለ! ለካ በየዓመቱ ብር ይያዝለት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲሰሙ መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ከዚያ አንዱ "ታዲያ የት ገባ?" አሉ። ደብዳቤውን እንዲህ ጀምሬዋለሁ፣ እዩልኝ፦

"ክቡር ተወካያችን፣ የሕዝቡ ስቃይ ከልክ በላይ ሆኗልና መንግሥት አስቸኳይ መፍትሔ እንዲሰጠን እንዲያደርጉልን በትሕትና እንጠይቃለን…"

ጥሩነሽ

ልጄ፣ ስቃያችሁ ይገባኛል። ግን ይህን ሲያነብ ምን ብሎ ይጠይቅ? እንዲህ አድርገው፦

"ክቡር ተወካያችን፣ ይህ የመንገድ ፕሮጀክት በሦስት ተከታታይ ዓመታት የበጀት አዋጅ ላይ ተይዟል፤ ገጾቹን አያይዘናል። መሬት ላይ ያለው ሥራ ሲሶ ነው፤ ፎቶው ተያይዟል። የሚከተሉትን በቋሚ ኮሚቴው በኩል እንዲጠይቁልንና መልሱን በጽሑፍ እንዲያሳውቁን እንፈልጋለን። በየዓመቱ ከተያዘው ስንት ተከፈለ? ተቋራጩ ቅድመ ክፍያ ወስዷል ወይ? ከወሰደስ ዋስትናው እስከ መቼ ይጸናል? ሥራው የቆመበት ቀንና ምክንያት ምንድነው? የሚጀመርበት ቀንስ?"

የቃሬዛውን ነገር መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ጻፈው፣ ቀኑን ጥቀስ። ፎቶው ላይም ቀን ይኑር። ቱቦዎቹን አንሳቸው፣ ፍየሎቹም ይታዩ። ለቋሚ ኮሚቴው በግልባጭ ላኩ። በእጃችሁ ስትሰጡት ሁለተኛውን ቅጂ አስፈርሙት።

ተካልኝ

የዋስትናውን ጥያቄ እንዳትተዉት። ጊዜው ካለፈበት ገንዘቡን ማስመለስ አስቸጋሪ ይሆናል።

ብርሃኑ

ገባኝ እትዬ። አሁኑኑ እገለብጠዋለሁ። ተወካዩ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመራጮች ጋር ሊነጋገር ትምህርት ቤቱ ግቢ ይመጣል ተብሏል። የቃሬዛዋ ልጅ ሕፃኗን ይዛ ፊት ለፊት እንድትቀመጥ ነግረናታል፣ "እመጣለሁ" ብላለች። ደብዳቤውን የምታነበውም እሷ ናት። ያለውን መጥቼ እጽፍላችኋለሁ።