የራውተር ካቢኔ፦ ሰጋቱራውንና ሙቀቱን እንዴት ላስታርቅ?

ሰላም የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች። የምሠራው ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ በጋራ ግቢ ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ራውተሩን (እንጨት መቅረጫ ማሽኑን) ከጠረጴዛው ሥር ገልብጬ አስሬዋለሁ። ዙሪያውን በኮምፐንሳቶ ዘግቼ፣ ሰጋቱራ የሚስበውን ቫኪዩም ከካቢኔው ጀርባ አገናኘሁ። ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የሚሠራ ጣውላ) ስሠራ ግን ሞተሩ እጅ አያስነካም።

ራውተር ሲገለበጥ የሞተሩ ማራገቢያ አየር የሚስበው ከታች ነው። ሰጋቱራው የሚከማቸውም እዚያው! በሩን ስከፍተው ይቀዘቅዛል፤ ብናኙ ግን ግቢ ድረስ ይወጣል። ሕፃናት አሉ፣ የኤምዲኤፍ ብናኝ ደግሞ ለሳንባ ክፉ ነው።

ለሞተሩ ብቻ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ቱቦ ከታች ላስገባ? ወይስ በሩ ላይ ቀዳዳ ይበቃል? ቀዳዳው ከቫኪዩሙ ቱቦ ምን ያህል ይስፋ? በተለይ የመጀመሪያውን የሞከረ ካለ፣ እባካችሁ ፎቶ ላኩልኝ።