ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ የጣሊያን ኩፔ መግዛት፦ የማን ጋራዥ፣ የትኛው ዕቃ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ (ባለ ሁለት በር መኪና) የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። ላዳ የሚሠራ መካኒክ ይበቃኛል ወይስ አዲስ አበባ መመላለስ አለብኝ?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት መካኒኩን ያዝ።

የላዳ መካኒክ ግማሽ መንገድ ያደርስሃል። ላዳ እ.ኤ.አ. በ1970 መሠራት ስትጀምር መነሻዋ ፊያት 124 ስለነበረ ሰውየው ኮፋኖውን ከፍቶ አይደናገርም። ሞተሩ ግን ሌላ ነው። የላዳው ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) በሰንሰለት ይዞራል። ባለ ሁለት ካምሻፍቱ የኩፔ ሞተር ግን በቺንጋ ነው። ሰንሰለት ሲላላ ይጮሃል፣ ቀድሞ ይነግርሃል። ቺንጋ ዝም ብሎ ይበጠስና ቫልቭ ሊያጣምም ይችላል። ሻጩ «አሁን ነው የተቀየረው» ቢልህም ደረሰኝ ካላሳየህ አስቀይረው። ፍሬኑም ይለያል፤ ላዳ ከኋላ ታምቡር ነው፣ ኩፔው አራቱም እግር ላይ ዲስክ ነው። ስለዚህ «ያው ነው» ብሎ የላዳ ዕቃ የሚያቀብልህን አትስማው። አሮጌውን ዕቃ ይዘህ ሄደህ ጎን ለጎን አስተያይ።

ለብየዳ፣ ለራዲያተር፣ ለጎሚስታና ለባትሪ ከደብረ ብርሃን አትውጣ። አይሱዙና ሚኒባስ ሲጠግኑ የሚውሉ ልጆች እጃቸው የተፈታ ነው፣ ዋጋቸውም ይሻላል። ካርቡረተርና ማቀጣጠያ ላይ ግን በአሮጌ ፊያት ያደገ አዛውንት መካኒክ ፈልግ። እንዲህ ያለው አዲስ አበባ ይገኛል፤ 130 ኪሎ ሜትሩ አያስቆጭም።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡረተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን ፍታና እየው፤ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ጉልበቱም ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ እሱን ሞተሩ ደክሟል ብለህ አትደንግጥ። ውሃም እዚህ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን ካለህ ዳገት ላይ ያስቆምሃል። ክዳኑን አዲስ ግዛ፣ ርካሽ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ባዶ ውሃ አትሙላ፤ ፀረ በረዶ ያለው ኩላንት ጨምር።

መለዋወጫ ላይ፣ ያገለገለ ከፈለግህ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዙር። ቺንጋ፣ የፍሬን ሸራና የጎማ ዕቃዎችን ግን አሮጌ አትግዛ፤ አውሮፓ ዘመድ ካለህ አዲስ ያስልክልህ። ከሁሉ የሚያስቸግረው መስታወትና ላሜራ ነው። የላዳ በርና መስታወት ኩፔው ላይ አይገባም። ስለዚህ ሞተሩ የደከመ ግን አካሉ ንጹሕ የሆነውን ምረጥ። ማግኔት ይዘህ ሂድ፤ ከበሩ ሥር ካልያዘ ስቱኮ ተለስኗል ማለት ነው። ምንጣፉንም አንሥተህ ወለሉ ዝጎ እንደሆነ እይ። ይህን ስታደርግ ፊቱ ከሚለዋወጥ ሻጭ ጋር አትከራከር፣ ተወው።

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ይመሳከር። ብዙዎቹ ሞተራቸው ተቀይሯል። የላዳ ሞተር የገባበት ኩፔ ይሄዳል፣ ግን በኩፔ ዋጋ አትግዛው።

ሌላ መልስ፦ ሸዋ ሮቢት ነኝ፤ ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። አንድ ልጨምር። ወደ እኛ የምትወርድ ከሆነ ካርቡረተሩ የሚሰጠውን ቤንዚን ለደብረ ብርሃን ብቻ ብለህ አታሳንሰው፤ ታች ስትደርስ አየሩ ስለሚከብድ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ይግላል። መሀል ላይ ያስተካክሉልህ። ጣርማ በርን ስታልፍ ደግሞ እስከ ደብረ ሲና በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬን ላይ ተጭነህ አትቆይ። የፍሬን ዘይቱ ከጠቆረ ከመነሳትህ በፊት አስቀይር፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ቁልቁለት ላይ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይገባል።