የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ ከፍታ የሮኬት ሞተርን ምን ያደርገዋል?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለፕሮፖዛሉ የቀረበው ዓላማ ይህ ነው፦ «የአየር እፍግታ ከከፍታ ጋር ሲቀንስ የሞተሩ ጉልበት እንዴት እንደሚለወጥ በሙከራ ማሳየት»። በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 10 ኪሎ ሜትር ላይ የሚቀረው ሲሶው ነው። ሐሳብ ጣል ጣል አድርጉ።

አዲስ አባል፦ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ አይዳከምም እንዴ?

የሞተር ክፍል፦ የጄት ቢሆን አዎ። ሮኬት ግን ኦክሲጅኑን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። እንዲያውም ሽቅብ ሲወጣ ይበረታል። የስፔስ ሹትሉ ሞተር አርኤስ-25 ስፔሲፊክ ኢምፐልሱ (ከነዳጁ ምን ያህል ገፊ ኃይል እንደሚያወጣ የሚያሳየው ቁጥር) መሬት ላይ 366 ሰከንድ፣ ቫኪዩም (አየር አልባ ቦታ) ውስጥ 452 ሰከንድ ነበር። ጸሐፊ፣ ዓላማው ይስተካከልልኝ። እፍግታ የሚፈትነው የሮኬቱን አካል ነው፣ ወደ ኋላ እየጎተተ። ለኖዝሉ፣ ማለትም ጋዙ ለሚወጣበት አፍ፣ ወሳኙ የውጪው ግፊት ነው፤ እሱ ሲቀንስ ገፊ ኃይሉ ይጨምራል።

የሙከራ ክፍል፦ ታዲያ ረጅም ኖዝል ገጥመን እንገላገል እንዳትሉ! ረጅሙ ጋዙን አብዝቶ ያሰፋዋል፤ ከፍታ ላይ ይጠቅማል፣ ዝቅ ሲል ግን ችግር አለው። መውጫው ላይ ያለው ግፊት ከውጪው ግፊት 40 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ጋዙ ከግድግዳው ይላቀቃል። ዙሪያውን እኩል ስለማይላቀቅ ደግሞ ኖዝሉን ወደ ጎን ይንጠዋል። እኛ ማሳየት ያለብን ይህንን ነው። አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ኖዝል፣ ጉሮሯቸው (ጠባቡ ቦታ) እኩል። እሳት ምን ያደርግልናል? የታመቀ ናይትሮጅን ቫኪዩም ቻምበር፣ ማለትም አየሩ የተመጠጠ ዝግ ዕቃ፣ ውስጥ መልቀቅ ይበቃል።

የሴንሰር ክፍል፦ የምንለቀው ጋዝ ራሱ ቻምበሩን ይሞላዋል እኮ። ቻምበሩ 1 ሜትር ኪዩብ፣ ፍሰቱ በሰከንድ 10 ግራም ነው እንበል። ሙቀቱ ካልተለወጠ ግፊቱ በየሰከንዱ 0.9 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይጨምራል። በ1.2 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም በ30 ኪሎ ሜትር ከፍታ ብንጀምር፣ በ10 ሰከንድ 16 ኪሎ ሜትር ላይ ቁጭ አልን ማለት ነው።

የሙከራ ክፍል፦ እሰይ፣ ይሙላ እንጂ! ፓምፑን እንዝጋው። 2 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ30 ኪሎ ሜትር እስከ መሬት ወረድን። ገፊ ኃይሉንና የቻምበሩን ግፊት ጎን ለጎን ከመዘገብን ሙሉው ከርቭ (የለውጡ መስመር) በአንድ ሙከራ ይወጣል። የረጅሙ ኖዝል ጋዝ የት ላይ እንደተላቀቀም እዚያው ይታያል።

የሴንሰር ክፍል፦ በዚህስ ተስማማሁ። ግን ገፊ ኃይሉ 7 ኒውተን ቢሆን ነው። የናይትሮጅኑ ቱቦ ጋዝ ሲሞላ ይገተራል፤ ሚዛኑን ከገፋው ንባቡ ገደል ገባ። ስለዚህ ቱቦው ከጎን፣ ለሚለካው ኃይል በ90 ዲግሪ ይግባ። ይህ በረቂቁ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቻምበር መግዛት አይታሰብም። «በትውስት» በሉት።

ጸሐፊ፦ እሺ። አዲሱ ዓላማ፦ «የውጪው ግፊት ሲለወጥ የሁለት ኖዝሎች ገፊ ኃይል እንዴት እንደሚለወጥ፣ በቀዝቃዛ ናይትሮጅን፣ ያለማቋረጥ መለካት»። የደኅንነቱን ክፍል ግን ማንም አልነካውም። ቻምበሩ ከውጪው ግፊት እንዳያልፍ ማስተንፈሻ ቫልቭ፣ ናይትሮጅን አምልጦ የምንተነፍሰው ኦክሲጅን እንዳያንስም ለክፍሉ የኦክሲጅን መለኪያ ያስፈልጋል። ማን ይጻፈው?

አዲስ አባል፦ እኔ ልሞክረው። የሞተር ክፍል ያርመኝ።