ውሻችን ክብ ባትሪ ውጧል፤ ራጅ የት ይነሳል?

የምንኖረው ደሴ ነው። 12 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ውሻችን ዛሬ ከቀትር በኋላ የወጥ ቤት ሚዛናችንን ሰባብሮ፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ባለ 3 ቮልት ክብ የሊቲየም ባትሪ ውጧል። ከዚያ ወዲህ ምራቁ ይዝረበረባል፤ አንገቱን ዘርግቶ ደጋግሞ ለመዋጥ ይሞክራል፤ ይህም ባትሪው ጉሮሮው ላይ ሳይቀር እንዳልቀረ አስግቶናል። እንዲህ ያለው ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከቆመ በ2 ሰዓት ውስጥ እንኳ ክፉኛ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ በትውከት ሲመለስም ጉዳቱን ስለሚያባብስ፣ ጎረቤቶቻችን በቅን ልብ ጨው በጥብጠን እንድናስታውከው ቢመክሩንም አላደረግነውም። ያየው የእንስሳት ሐኪም ባትሪው ያለበት ቦታ በራጅ መታወቅ እንዳለበት ነግሮናል፤ መሣሪያው ግን የለውም፤ የጠየቅናቸው የሰው ክሊኒኮችም ውሻ አንቀበልም ብለዋል። መኪና ስላለን ኮምቦልቻ ድረስ ወዲያውኑ ልንወስደው እንችላለን። በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ዛሬ ማታ ውሻ ራጅ የሚነሳበት ቦታ የት ነው?