ይቅርታ ጠያቂው እኔ ስሆንስ?

ልብስ ሰፊው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአጣዬ ሰው ነኝ፤ አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለአጣዬ ቅርብ በሆነችው በሰንበቴ ከተማ ኦሮሞ ጓደኛ ነበረኝ። እህል ነጋዴ ነው፣ ሙስሊም። የተዋወቅነው በጠብ ነው። እሁድ ገበያ ላይ «የሰፋህልኝ ሱሪ ጠበበኝ» ብሎ ሰው እስኪሰበሰብ ጮኸብኝ። ፈትቼ ሰፋሁለት፤ ከዚያ ወዲያ 14 ዓመት አልተለያየንም። ለፋሲካ በግ ከነነፍሱ እሰድለታለሁ፣ እሱ በራሱ ደንብ ያርዳል። ለአረፋ ስሄድ እናቱ ሽሮ ትሠራልኛለች፣ ለብቻው በተቀመጠ ድስት። «የልብስ ሰፊው ድስት» ነበር የሚባለው። ሥጋ ነክቶት አያውቅም።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ላይ በብሔር ግጭት የሆነውን ታውቃላችሁ። ሱቄ ከነስፌት መኪናዬ ነደደ፣ የአክስቴ ልጅ ሞተ። ጣርማ በርን አልፈን እዚህ ብርድ ውስጥ ገባን። ጓደኛዬ ደወለ፤ አላነሳሁም። ደጋግሞ ደወለ፤ ቁጥሩን ዘጋሁት። ምንም እንዳላደረገ አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር። ግን ስሙ ስልኬ ላይ ሲመጣ የሚታየኝ ብሔሩ ነበር።

ሰሞኑን አንድ ሹፌር ሁለት ነገር ነገረኝ። እናቱ ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። እሱ ደግሞ ከሱቄ አመድ ውስጥ የስፌት መኪናዬን አውጥቶ፣ እንጨቱ ነዶ የቀረውን ብረት ዘይት ቀብቶ ጓዳው አስቀምጦታል።

ሰው ሁሉ «ይቅር በል» ይለኛል፣ ተበዳይ ነኛ! ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ ብል ማን ይሰማኛል? ባለቤቴ እንኳ «አብደሃል» አለችኝ። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ፣ ሲል አጠገቤ ላለው ሰው እጅ እነሳለሁ። ልቤ ግን ሰንበቴ ነው። ምን ላድርግ?

ዲያቆኑ፦
ጋሼ፣ ማቴዎስ 5፥23ን ቀስ ብለው ያንብቡት። «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው» ነው የሚለው። እኛ ገልብጠን «አንተ በወንድምህ ላይ እንዳለህ» አድርገን ለምደነዋል፤ እኔም ራሴ እንዲያ ስሰብክ ኖሬአለሁ። መባዎን ትተው የሚሄዱት ቅር ወዳሰኙት ሰው ነው።

ወንድም የሚባለው የራስ ወገን ነው የሚል ካለ ደግሞ ሉቃስ 10 አለለት። አይሁድና ሳምራውያን አይተባበሩም ነበር። ጌታ ተደብድቦ የወደቀውን መንገደኛ ስለረዳው ደግ ሳምራዊ ለሕግ አዋቂው ነግሮ ሲጨርስ «ባልንጀራ የሆነው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው «ሳምራዊው» አላለም። «ምሕረት ያደረገለት» ብሎ አለፈው። የብሔሩ ስም ከአፉ አልወጣለትም። እርስዎን ደግሞ የያዘዎት እዚያው ስም ላይ ነው።

የካራቆሬዋ፦
እውነቱን ልናገር፣ ሳነበው ተናድጄ ስልኬን ወረወርኩት። ወንድሜን ቀብሬአለሁ። ገዳዮቹ ሳይጠየቁ «እርቅ፣ እርቅ» የሚለኝን ሰው መስማት አልፈልግም፣ ቄስም ይሁን ሹም። ማታ ተመልሼ ሳነበው ግን ያንተ ነገር ሌላ መሰለኝ። ጓደኛህ አልገደለም። እና አንተ ስለ ገዳዮቹ አይደለም የምታወራው፣ ስለ ስልኩ ነው። ለስልኩ ሂድ። ስለ ሌላው ግን ማንም ወክሎኝ ይቅር እንዳይል።

የጅሌ ልጅ፦
ሙስሊም ነኝ፣ እዚህ መጻፍ ከተፈቀደልኝ። ጋሼ፣ የመኪናውን ነገር እንዳያነሱ! መጀመሪያ እናትየው። ገብተው ቁጭ ይበሉ፣ «አላህ ይማራቸው» ይበሉ፣ ስለ ስልኩም እሱ ካላነሳው ወዲያው አይጀምሩ። እኛ ዘንድ ለቅሶ ዓመት አለፈው አይባልም። መኪናውን እሱ ራሱ ያወጣዋል።

ልብስ ሰፊው፦
አመሰግናለሁ። የካራቆሬዋ እህቴ፣ ላንቺ የምመልሰው ቃል የለኝም፤ ልክ ነሽ።

ትናንት ቁጥሩን ከፍቼ ደወልኩ። «ማን ልበል?» አለ። ስልኩ ተሰብሮ ቁጥሬ ጠፍቶበት ነው። «ሱሪ ያጠበብኩብህ» አልኩት። ረጅም ዝምታ። በኋላ «አሁንማ ጭራሽ አልገባ ብሎኛል፣ ወፍሬአለሁ» አለ። ስለ እናቱ ስጀምር ድምፄ እምቢ አለኝ። የቀረውን ፊት ለፊት እላለሁ።

ባለቤቴ «እኔ አልሄድም» ብላለች። ለለቅሶው ግን አንድ ኪሎ ቡና በፌስታል ቋጥራ በር ላይ አስቀምጣለች።