የታጠነ ሳልሞንና ቤግል ለ12 እንግዳ፦ ትሪው እንዴት ይሰናዳ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ጅሬን አካባቢ ነው። እህቴ ለእሑድ ረፋድ ቁርስ የሚሆን 800 ግራም የታጠነ ሳልሞን በበረዶ እንደቀዘቀዘ ከአዲስ አበባ ይዛልኝ ትመጣለች። ከምጠራቸው ጎረቤቶች ግማሾቹ ሙስሊም፣ ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው። ሥጋ ሲሆን ሁልጊዜ ሁለት ድስት ስለሚጣድ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ሁላችንም ከአንድ ትሪ ብንቋደስ ከልቤ ደስ ይለኛል። አሳው ለ12 ሰው ይበቃል? ቤግል የሚባለውን የቀለበት ዳቦ እዚህ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ምን ላድርግ? አደራደሩስ እንዴት ነው?

መልስ 1

ለአንድ ሰው 65 ግራም ያህል ከተመደበ ያለዎት አሳ በደንብ ይበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ቅዝቃዜው ነው። በስሱ ተቆርጦ የሚሸጠው ሳልሞን በአብዛኛው በጨው ከታሸ በኋላ ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ቀዝቃዛ ጭስ የታጠነ እንጂ በእሳት የበሰለ ስላልሆነ፣ እንደ ጥሬ አሳ ሊጠነቀቁለት ይገባል። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና በረዶ በሞላበት ሣጥን ይምጣ። ቅዳሜ ማታ አየር የወጣለትን ማሸጊያ ከፍተው፣ አሳውን በሳሕን ሸፍነው፣ ከ4 ዲግሪ ባልበለጠ ፍሪጅ ውስጥ በረዶው ቀስ ብሎ እንዲለቅ ያድርጉ፤ ማሸጊያው ሳይከፈት ቢቀልጥ የቦቱሊዝምን መርዝ ለሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል። ገበታ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ግማሹን አቅርበው ግማሹን ፍሪጅ ውስጥ ቢያስቀሩት ይሻላል። አሳው ያነሰ ቢመስልዎ እንኳ የግልገል ጊቤን ቆሮሶ በቤትዎ አጥነው ሳይበስል አይጨምሩበት፤ የወንዝና የሐይቅ አሳ ጥገኛ ትላትል ሊኖሩበት ስለሚችሉ መብሰል አለበት።

መልስ 2

ልጄ፣ ሐሳብሽ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። ቤግል የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ዳቦ ነው፤ በፖላንዷ ክራኮው ከተማ ጽሑፍ ውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1610 ተጠቅሶ ይገኛል። ከሳልሞንና ዳቦ ላይ ከሚቀባው ለስላሳ አይብ፣ ከክሪም ቺዝ ጋር የተጣመረው ደግሞ በኒው ዮርክ አይሁድ ዘንድ ነው። በሃይማኖታቸው ሥጋና ወተት አንድ ላይ አይበላም፤ አሳ ግን እንደ ሥጋ ስለማይቆጠር ከወተት ምግብ ጋር ይፈቀዳል። አንቺ የተጨነቅሽበት የገበታ ጉዳይ እነርሱንም ወደዚሁ ምግብ አድርሷቸዋል ማለት ነው።

ከተራ ዳቦ የሚለየው ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊት መቀቀሉ ነው። ለ16 ቤግል 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 600 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ 20 ግራም ጨውና 10 ግራም ደረቅ እርሾ ያስፈልግሻል። ሊጡ ጠንከር ያለ ነውና 10 ደቂቃ ሙሉ እሺው። አንድ ሰዓት ካረፈ በኋላ ቀለበት አድርገሽ፣ አንድ ማንኪያ የጅማ ማር በገባበት የፈላ ውኃ ውስጥ እያንዳንዱን ገጽ 1 ደቂቃ ቀቅለሽ፣ በ220 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል ጋግሪው። ምድጃ ከሌለሽ የሰፈርሽን ዳቦ ቤት ለምኚ።

መልስ 3

ክሪም ቺዝ ካላገኙ ወፍራም እርጎ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ያጥሉት፤ ጠዋት ጨው ጣል አድርገው ይምቱት። አይብ ስለሚፈረፈር ብቻውን ዳቦ ላይ አይቀባም። እሑድን መምረጥዎ መልካም ነው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ኖሮ ጿሚዎቹን ክሪም ቺዙ ብቻውን ከትሪው ያርቃቸው ነበር።

ክሪም ቺዙን በጎድጓዳ ሳሕን መሐል ያድርጉና ሳልሞኑን አንድ በአንድ እያላቀቁ፣ ሳይጫኑት፣ አጠፍ አጠፍ እያደረጉ በዙሪያው ያኑሩት። ቀይ ሽንኩርቱ በስሱ ተቆርጦ 10 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከቆየ ኃይሉ ይበርዳል። ቲማቲሙና ኪያሩ ውኃቸው ተጠንፍፎ ወደ ዳር ይቀመጡ፤ አለበለዚያ አሳውን ያረጥቡታል። ላዩ ላይ እንስላል ይበተን። ሎሚውን አስቀድመው አይጭመቁበት፤ አሲዱ የአሳውን መልክ ያነጣዋል፤ ተቆርጦ በጎን ይቅረብ። ዳጣ የሚወድ እንግዳ ካለ ለብቻው ይሰጠው እንጂ ትሪው ላይ አይግባ፤ የጭሱን ጣዕም ፈጽሞ ይሸፍነዋል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከእንግዶቼ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ይህን አሳ ብትበላ ችግር አለው?

መልስ 1

እንዳለ አይስጧት። በቀዝቃዛ ጭስ የታጠነ አሳ ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ሊኖርበት ስለሚችል ፅንሱን ይጎዳል። የእርሷን ድርሻ እንፋሎቱ እስኪወጣ ድረስ በደንብ አብስለው፣ ከእንቁላል ጋር ትኩስ እያለ ያቅርቡላት።