ለሕፃናት ኦክስጅን በማስክ ይሰጥ ወይስ በአፍንጫ ቱቦ? የሰሜን ሸዋ ተወላጆች ክርክር

አወያይ፦ ባዋጣነው ገንዘብ በደጋው ወረዳ ላለ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ኦክስጅን መስጫ ዕቃ ይገዛል። ገሚሱ አባል የፊት ማስክ ይገዛ ሲል፣ ገሚሱ አፍንጫ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ ይሻላል ብሏል። ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ አቅርቡ።

መምህር፣ ከመሐል ሜዳ፦ እኔ ማስክ ይገዛ ባይ ነኝ። ብርዱ በጠናበት ወቅት አፍንጫው የተደፈነ ሕፃን በቱቦ ምን ያህል ኦክስጅን ያገኛል? ማስክ አፍንም አፍንጫንም ስለሚሸፍን አስተማማኝ ነው።

ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ንፍጡ በጨው ውኃ ጠብታ ካልለሰለሰና ካልተጠረገ ቱቦው አይሠራም። ሆኖም ማስክ በደቂቃ ቢያንስ 5 ሊትር ካልፈሰሰበት ሕፃኑ ያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ይስበዋል፤ በቱቦ ግን ለጨቅላ ከግማሽ እስከ 1 ሊትር፣ ከፍ ላለው ሕፃን ከ1 እስከ 2 ሊትር ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቱቦውን ያስቀድማል። 6,000 ሊትር ኦክስጅን የያዘ ሲሊንደር በደቂቃ 1 ሊትር ቢሰጥ 100 ሰዓት ይቆያል፤ በማስክ 6 ሊትር ቢለቀቅ ግን 17 ሰዓት አይሞላም። በክረምት መንገዱ ሲበላሽ ባዶውን ሲሊንደር አስሞልቶ መመለስ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ እናንተም ታውቁታላችሁ።

እናት፣ ከአንጎለላ፦ ልጄ የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ማስኩን ባደረጉለት ቁጥር በሁለት እጁ እየገፋ ያለቅስ ነበር፤ ላጠባው ስል ደግሞ ማውለቅ ግድ ይሆንብኛል። ቱቦውን ጉንጩ ላይ በፕላስተር ለጥፈው ሲተኩለት ግን እየጠባ እንቅልፍ ወሰደው። በሰፈራችን ኦክስጅን የተደረገለት ልጅ አይተርፍም ተብሎ ስለሚወራ፣ ፊቱ የተሸፈነ ልጅ ያየች እናት ይዛው ልትወጣ ትችላለች፤ ይህንንም አስቡበት።

ጤና መኮንን፣ ከሸዋ ሮቢት፦ በእህታችን ቃል እስማማለሁ፤ ነገር ግን ማስክ ፈጽሞ አይገዛ መባሉን አልቀበልም። ራሱን ስቶ የመጣ ልጅ ብዙ ኦክስጅን ወዲያው ስለሚያስፈልገው፣ ከረጢት ያለው ማስክ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር እየተለቀቀበት ሊያተርፈው ይችላል። ጥቂቱ ለድንገተኛ ክፍል ይቀመጥ።

ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ትክክል ነው፤ እኔ የምቃወመው ማስኩ የዘወትር መስጫ እንዲሆን ነው። ከሁለቱም በፊት ግን በልጅ ጣት ልክ የተሠራ፣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ ይገዛ፤ የከንፈር መጥቆርን የምንጠብቅ ከሆነ እንዘገያለን። በቆላው የደሙ ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች የወረደ ልጅ ኦክስጅን ይሰጠዋል፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ባለው ደጋችን ግን የጤነኛው ልክ ራሱ ዝቅ ስለሚል 87 በመቶና ከዚያ በታች መነሻ ሊሆን ይችላል። ያለ መለኪያ ለማያስፈልገው እየሰጠን የሚያስፈልገውን እናስቀርበታለን።

መምህር፣ ከመሐል ሜዳ፦ ሲስተር፣ ስለ ፍሰቱ ያሉት አሳምኖኛል። ቱቦው በጨቅላና በሕፃን ልክ ተለይቶ ይገዛ እንጂ የአዋቂው እንዳይመጣ፤ ንፍጥ መምጠጫውም አብሮ ይካተት። ይህ በግዢው ዝርዝር ላይ ከሰፈረ ድምፄን ለቱቦው እሰጣለሁ።